ወፍ ዘራሽ ዛፎች በጓሮና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናም መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ማንም ያልተከላቸው፣ ማንምም ዘር ያልበተነላቸው የዛፍ ቡቃያዎች በየጓሮው፣ በየአጥሩ ሥርና በየድንጋይ ካቡ መካከል ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ የቤቱ ባለቤት ዶማውን ይዞ ይወጣና የሚነቅለውን ይነቅላል፣ የሚተወውንም ይተዋል። ሥራው እጅግ የተለመደና የዘወትር ከመሆኑ የተነሣ የራሱ ታሪክ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሥታት ያስተከሉት ዛፍ ሲወሳ ይኖራል፣ አንዲት ባልቴት በጎመን መደቧ መካከል የበቀለውን ወይራ አይታ ሳትነቅለው በመቅረቷ የተገኘውን ዛፍ ግን የጻፈለት የለም። እኔ እንደማምነው፣ የአገራችን የዛፍ ታሪክ፣ ይልቁንም ባሕር ዛፍ ከመግባቱ በፊት ያለው ዘመን፣ ከተከሉት ሰዎች ይልቅ ሳይነቅሉ የተዉት ሰዎች ሥራ ነው። በማሳ መካከል ብቻውን የቆመው ዋንዛ፣ በደጃፍ ያለው ወይራ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ጥድ፣ እያንዳንዱ በልጅነቱ በአንድ ሰው እግር ሥር የነበረና ያ ሰው ይቅር ብሎ ያለፈው ነው።

ጥንተ ነገሩን ያየን እንደሆነ፣ ዘሩን የሚያመጡት በአብዛኛው አዕዋፍ ናቸው። የወይራ ፍሬ ሲጠቁር፣ የጥድም ፍሬ ሰማያዊ ሆኖ ሲበስል፣ አዕዋፍ መጥተው ይለቅሙታል፤ ሥጋውን በሆዳቸው አስቀርተው ውስጡን ከኩሳቸው ጋር በሚያርፉበት ሥፍራ ይጥሉታል። ስለዚህም ወፍ ዘራሽ ቡቃያ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚገኝ ይልቅ በአጥር ሥር፣ በቆየ ዛፍ ጥላ፣ በክዳን ጠርዝ ታችና በግንብ ራስ ላይ ይበዛል። ግራርን የሚዘሩት ደግሞ ከብቶች ናቸው፤ በበጋ የረገፈውን ዘለላ ይበላሉ፣ ጠንካራው ዘር ሆዳቸውን አልፎ ከእበቱ ጋር ይወድቃል፣ ዝናሙም ሲመጣ በበረቱ ዙሪያና በከብት መንገድ ላይ ይበቅላል። ነፋስ የሚዘራቸውም አሉ፤ ነገር ግን በከተማ ጓሮ ዛሬ የምናያቸው እንደ ግራቪሊያና እንደ ጃካራንዳ ያሉት የነፋስ ዘሮች ከባሕር ማዶ የመጡና ዕድሜያቸውም ገና አጭር ነው።

የዚህ ሥራ ጥበቡ ማወቅ ነው፤ ቡቃያውን በሁለት ቅጠሉ ሳለ ያላወቀ ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ይነቅላልና። የጥድ ቡቃያ ገና ሲወለድ በትልቁ ዛፍ ላይ የምናየው ለስላሳና ተደራራቢ ቅጠል የለውም፤ ቅጠሉ ቀጭን መርፌ ነው፣ በመዳፍ ሲዳስሱት ይዋጋል፣ የማያውቅ ሰውም እሾህ መስሎት ያጠፋዋል። ወይራ ቅጠሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ፊት ለፊት ያወጣል፣ ላዩ አረንጓዴ፣ ጀርባው ግን ነጣ ያለ ነው። ብሳና ገና ከጅምሩ ሰፊ ቅጠል ያወጣል፤ ቅጠሉም ሊረግፍ ሲል ወደ ብርቱካን ቀለም ስለሚለወጥ ከሩቅ ይታወቃል። ዋንዛ ሻካራ ቅጠል አለው፤ በእጅ ሲነኩት ይለያል። በየገጠሩ ይህን ሁሉ ከማንም መምህር ሳይማሩ የሚያውቁ እናቶች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ለጋን ማጠኛ ወይራ፣ ለመፋቂያ ወይራ፣ ለእህል መውቀጫ ሙቀጫ የሚሆን እንጨት የሚፈልጉት እነርሱ ናቸውና፣ ጓሯቸው ውስጥ የሚበቅለውን በስሙ ለይተው ያውቃሉ።

መንቀሉም የራሱ ሥርዐት አለው። ዝናም በዘነበ ማግሥት፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሳበው ሰው ሥሩን ጨርሶ ያወጣል፤ መሬቱ ደርቆ ሳለ የጎተተው ግን ግንዱን ይበጥስና ሥሩን በመሬት ውስጥ ይተዋል። በማጭድ ከላይ የቆረጠውማ ይባስ ብሎ ሥራውን ለከርሞ ያሳድረዋል፤ ብሳና፣ ወይራ፣ ግራር፣ ከሁሉም ይበልጥ ባሕር ዛፍ፣ ከተቆረጡበት ቦታ አንድ በነበሩበት ብዙ ሆነው ይወጣሉና። ጥድ ግን ከተቆረጠ አይመለስም፤ ስለዚህ ጥድን የሚቆርጥ ሰው ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባዋል፣ ስሕተቱ አይታረምምና።

በማሳ ላይ የነበረው ልማድ ከጓሮው ይልቅ የተራቀቀ ነው። በጎጃምና በወሎ ደጋና ወይና ደጋ፣ ጤፍ በሚታረምበት ወራት፣ ሴቱም ወንዱም ተሰልፎ አጎንብሶ አረሙን ሲነቅል፣ ከአረሙ መካከል የዋንዛ ወይም የብሳና ቡቃያ ሲገኝ ባለማሳው ከአራሚዎቹ ጋር ተነጋግሮ ይተወዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሲያርስ በሬዎቹን ከቡቃያው ጎን ያሳልፋል፤ አጨዳው ሲያልቅና ከብት በቃርሚያው ላይ ሲለቀቅ ፍየል እንዳይቀጥፈው እሾህ ዙሪያውን ይከምርበታል፤ ቁመቱ ከሰው ሲያልፍ ደግሞ የታች ቅርንጫፎቹን ይመለምላል፣ ጥላው እህሉን እንዳያቀጭጭ። የተመለመለው ለማገዶ ይሆናል። ዋንዛው አድጎ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንቦች ይመጡበታል፣ ቢጫ ፍሬው ሲበስል ልጆች ይበሉታል፣ ሽማግሌ ሲሆንም ተቆርጦ በርና ከበሮ ይወጣዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ወፎችና ጦጣዎች ዘሩን ወደ ሌላ ማሳ ወስደውታል። እንዲህ ሆኖ በእነዚህ አገሮች ማሳ ላይ የምናያቸው ዋንዛዎች በረድፍ አይቆሙም፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ ወፍ በጣለበትና ገበሬ በተወበት ነው።

ለዚህ ጥበብ ከሁሉ የሚደነቀው ምስክር በቢሾፍቱ ዙሪያ በአድአ ሜዳና በትግራይ ማሳዎች ላይ የቆመው፣ ኦሮሞዎቹ ገርቢ፣ ትግሬዎቹ ሞሞና የሚሉት የግራር ዓይነት ነው። ይህ ዛፍ ከፍጥረቱ ከሌሎች ሁሉ ተቃራኒ ሆኖ የተሰጠ ነው፤ ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ምድር ሁሉ በምትደርቅበት በበጋ ደግሞ ይለመልማል። ስለዚህ ጤፉና ስንዴው በሚያድግበት ወራት ጥላ አይጥልበትም፤ የረገፈው ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፣ ዘለላው በበጋ ለከብት ይሆናል፣ ከብቱም ዘሩን በእበቱ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ገበሬው ይህን ሁሉ ያወቀው በእርሻ ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ያለው እህል ከሌላው የበለጠ እንደሚያምር በዐይኑ አይቶ ነው። ያን ስላየ ቡቃያውን በማረሻ ሳይገለብጥ ቀረ።

ሁሉ ግን አልተተወም፤ ሁሉ ቢተው ማሳው ጫካ በሆነ ነበር። በማሽላ ማሳ ዳር የበቀለውን የሚነቅሉት ብዙዎች ነበሩ፤ ዛፍ ለወፍ ማደሪያ ነው፣ ወፍም የማሽላ ጠላት ነው። በቤት ግድግዳ አጠገብ የበቀለው፣ በጎተራ ሥር የበቀለው፣ በመንገድ ላይ እሾሁን የዘረጋው ይነቀላል። ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የመሬቱ ጉዳይ ነው። የገዛ ርስቱን የሚያርስ ሰው ዛሬ የተወው ቡቃያ ለልጁ በር እንደሚሆን ያውቃል፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ግን ለባለ መሬቱ ዛፍ ለማሳደግ ምን አተጋው? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ጭሰኝነት ቀረ፤ ሆኖም ዛፉ የማን እንደሆነ ገበሬው እርግጠኛ ባልሆነበት ሥፍራ ሁሉ ቡቃያውን የመጠበቅ ትጋቱ ላልቷል። ለዛፍ የሚያስፈልገው ዕድሜ ከአንድ ሰው ዕድሜ ስለሚበልጥ፣ ነገ የእኔ ነው የሚል ሰው ከሌለ ዛሬ የሚተወው አይኖርም።

በደቡብ ምዕራብ በቡናው አገር ነገሩ ልዩ መልክ አለው። በከፋ፣ በጅማና በኢሉባቦር ደኖች ከእናቲቱ ቡና ሥር የረገፈው ፍሬ በራሱ ይበቅላል፤ ገበሬው የተጨናነቀውን ያሳሳል፣ ጠንካራውን ይተዋል፣ ክፍት ወደሆነው ቦታም አንሥቶ ያዛውራል። ሳሳ፣ ብሳናና ዋንዛ ከተገኘ ለጥላ ይቀመጣሉ። ይህ ልማድ አገሪቱን እጅግ የጠቀመበት ጊዜ ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በታየ ጊዜና በየአካባቢው ፍሬውን እያጠቆረ ባረገፈ ጊዜ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በዚያው ደንና ጓሮ ነው፤ በታመሙ ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ነጠላ ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰበሰቡ። እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ በቁጥራቸው የሚታወቁት እንደ 74110 እና እንደ 74112 ያሉት ዝርያዎች በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በመቱ አካባቢ ከተመረጡ እንዲህ ካሉ እናት ዛፎች የመጡ ናቸው። ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን ልዩ ልዩ ቡቃያ ሁሉ ነቅሎ አንድ ወጥ ቡና ተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ተመራማሪው ምኑን ይመርጥ ነበር?

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንግባ። ከሩቅ ሲታይ በራቁት ኮረብታ ላይ የቆመ የዛፍ ጉባኤ ካለ፣ በመካከሉ ቤተ መቅደስ እንዳለ ማንም መንገደኛ ያውቃል። በዐጸዱ ውስጥ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማ፣ ብርብራ ይገኛሉ፤ ከሥራቸውም አጋምና ቀጋ። እነዚህ ዛፎች የቤተ ክርስቲያኑ ልብስና ክብር ሆነው ስለሚቆጠሩ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ያለ ቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት አይቆርጧቸውም። ነገር ግን ቅጽሩ ያልታረመ ዱር ነበር ማለት አይደለም። ታቦት ዑደት የሚያደርግበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት፤ ከቤተ መቅደሱ መሠረት አጠገብ የበቀለ ዛፍ ግድግዳውን ያናጋል፤ በመቃብር ላይ የበቀለውም ድንጋዩን ይገለብጣል። ስለዚህ ንግሥ ሲቃረብ ዲያቆናቱና የቆሎ ተማሪዎቹ በእነዚህ ሥፍራዎች የበቀለውን ይነቅላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ይተዉታል። ልዩነቱ ከመንፈሳዊ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከማንኛውም የመንግሥት ደንብ ይልቅ ጸንቶ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ቅጽሩ ለወፍ ክፍት እንደሆነ ሁሉ ለከብትም ክፍት ነበር፤ ጉዳቱም ከዚህ መጣ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለዶክትሬት ጥናታቸው በመረመሩ ጊዜ፣ ትልልቅ ዛፎች እያሉ ልጆቻቸው የማይታዩባቸውን ሥፍራዎች አይተዋል፤ የሚበቅለውን ቡቃያ ከብቱ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋልም። ዛፉ ይኖራል፣ ወራሹ ግን የለም። ኋላም አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከእርሳቸው ጋር ተባብረው፣ በየደብሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታጠር ረድተዋል፤ ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ስለሆነ ገበሬውም ማሳው ጸዳለት። ካቡ በተሠራባቸው ቦታዎች ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር ከብትን መከልከል ብቻ ነው፤ የቀረውን ወፎቹ ሠሩት። ወይራ ደግሞ ሌላ ረዳት አለው። ከደደሆና ከአጋም ቁጥቋጦ ሥር የበቀለ የወይራ ቡቃያ፣ ፍየል በቀላሉ ስለማትደርስበትና ጥላውም ከበጋው ፀሐይ ስለሚያስጥለው፣ በገላጣ ቦታ ከበቀለው ይልቅ የመኖር ተስፋው የበዛ ነው። ቁጥቋጦውን እንደማይረባ ቆጥሮ መንጥሮ የሚያጸዳ ሰው፣ ሳያውቀው የነገውን ወይራ ከእናቱ እቅፍ አውጥቶ ይጥላል።

ወፍ ዘራሽ ዛፍ በእውነት ጠላት የሆነበትን ቦታ ለማየት የፈለገ ግን ጎንደር ይሂድ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን በዚያ ካቋቋሙ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው በድንጋይና በኖራ ያሠሯቸው ግንቦች፣ ከተማይቱ የመንግሥት መቀመጫነቷን ካጣች፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ካቃጠሏትና ጣራው ከፈረሰ በኋላ ለዝናምና ለወፍ የተጋለጡ ሆኑ። የዋርካ፣ የሾላና የጭብሃ ዘር እጅግ ደቂቅ ነው፤ በወፍ ኩስ ተጣብቆ በኖራው ስንጥቅ ውስጥ ካረፈ፣ ለመብቀል አፈር እንኳ አይፈልግም። ቡቃያው መጀመሪያ ከግንቡ ላይ የተሰነቀረ አንድ ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን በስንጥቁ ውስጥ እርጥበት እየፈለገ ይወርዳል፣ እየወፈረም ሲሄድ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያያል። ጣት የማያህል ሳለ በእጅ ይወጣል፤ ክንድ ካከለ በኋላ የጎተተው ሰው ግን ከዛፉ ጋር ግድግዳውን ይዞ ይመጣል። ከላይ ቢቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ግንብ ጠባቂ የሆነ ሰው በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ግንቡን ዞሮ ማየትና ደቂቁን ገና ሳይጠነክር መንቀል ግዴታው ነው። ለግንብ ከመድፍ ይልቅ ቸልታ ያስፈራዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ መድፍ አንድ ቀን መትቶ ያልፋል፣ ሥር ግን በየክረምቱ ይሠራል።

በዚያው በጎንደር፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ ለጥምቀት ውኃ በሚሞላው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ፣ ነገሩ ወደ ሌላ ፍርድ ያደርሳል። የዛፎቹ ሥሮች በድንጋዩ አጥር ላይ ወርደው፣ ተሰንጥረውና ተጠላልፈው ግድግዳውን እንዳለ አቅፈውታል፤ የትኛው ማንን እንደያዘ ዛሬ ለመለየት አይቻልም። እነዚያን ዛፎች የተዋቸው ሰው ስሕተት ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን ይነቀሉ የሚል ሰው ቢመጣ አጥሩንም አብሮ ለማፍረስ መዘጋጀት አለበት። የተተወ ቡቃያ ጊዜ ካለፈበት በኋላ ከሰው ፈቃድ የሚወጣበት ደረጃ አለና፣ በዚያ ደረጃ የደረሰውን ማክበርና መጠበቅ እንጂ ሌላ ምርጫ የለም። ምእመናን በጥምቀት ሌሊት በሥሮቹ መካከል ተቀምጠው የሚያድሩበት ይህ ሥፍራ፣ የጠባቂ ቸልታ ለውበት የሆነበት አንድ ምሳሌ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ለሌሎቹ ግንቦች ግን ምሳሌ ሊሆን አይገባውም።

መትከልም በአገራችን ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ በመናገሻ ሱባ እንዳስተከሉ ይተረካል። ነገር ግን መትከል የሕዝብ ሁሉ ሥራ የሆነው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢዋ ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ስለጀመረ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆመው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ዘሩን በማስገባት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይየ ይወሳል። ችግኙ በርካሽ ታደለ፣ ለሚተክሉትም የግብር ማቅለያ ተደረገ፤ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታትም ከተማይቱ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች።

በዚህ ጊዜ የሕዝቡ ዐይን ተለወጠ፤ ዛፍ የሚባለው በመስመር የተተከለ፣ ቀጥ ያለ፣ በአምስት በስድስት ዓመት ለመሸጥ የሚደርስ ሆነ። በዝግታ የሚያድገው ወፍ ዘራሽ ወይራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቦታ አጣቢ ሆኖ ታየ፣ ተነቀለም። ባሕር ዛፉ በበኩሉ ከታሰበው በላይ ኖረ። በ1905 ዓ.ም. አካባቢ፣ ምንጮችና ጉድጓዶች ደረቁ የሚል ስሞታ በዝቶ፣ ሁለት ሦስተኛው ባሕር ዛፍ እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል የሚበላው እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ አዋጁ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ሊፈጸምም አይችልም ነበር፤ ሕዝቡ ከእርሱ ማገዶውን፣ የቤቱን ማገርና ወጋግራ ያገኛል፣ ዛፉም በመጥረቢያ የማይሞት ነው። ከጉቶው ዙሪያ በየዓመቱ የሚወጣውን ቁጥቋጦ ለማጥፋት የፈለገ ሰው ጉቶውን በመቆፈሪያ አውጥቶ እስካልጣለ ድረስ፣ ወይም የሚወጣውን ሁሉ ገና በለጋነቱ ያለማቋረጥ እስካልቀጠፈ ድረስ፣ ድካሙ ከንቱ ነው። የዛሬው የከተማ ጓሮ ባለቤትም በግራቪሊያና በዘይቱን ቡቃያ ላይ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ በየክረምቱ በገጀራ ይጨፈጭፋል፣ በየክረምቱም ጠንክሮ ይመለስበታል፣ በመጨረሻም ሥሩ የአጥሩን ግንብና የፍሳሹን ቧንቧ ይሰብራል።

ከብት ዘርቶት ሰው ሳያየው ያደገ ዛፍ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ የታየው በአፋር ነው። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በመልካ ወረርና በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ፣ በ1970ዎቹ ለጥላና አፈርን ለመጠበቅ ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እሾሃም ዛፍ ተተከለ። ዘለላው ጣፋጭ ነው፤ ፍየሉም ግመሉም በላው፣ ዘሩም በኩስና በእበት በየግጦሹ ተበተነ፣ ልክ ግራር ሲዘራ እንደኖረው። ልዩነቱ ግን ማሳ የሚያርም ሰው በዚያ አለመኖሩ ነው፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ይሄዳል፣ ሲመለስም ቡቃያው ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ሆኖ ግጦሹን፣ የውኃውን መንገድና መንደሩን ዘግቶ ይጠብቀዋል። ዛሬ ዛፉ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። አፋሮቹ በተተከለበት ዘመን መንግሥት ስም ደርጊ ሀራ ይሉታል። ከላይ ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ሰው ይበልጥ ያበዛዋል፤ ለመግደል ከመሬት በታች ያለውን የግንዱን ክፍል፣ ቡቃያ የሚያወጣውን ሁሉ፣ ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ በአንድ ሚሊዮን ሄክታር ላይ የሚሠራ ክንድ ከየት ይመጣል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን፣ ቡቃያው ገና ክንድ ሳያህል፣ የሚያውቀው ሰው ቢኖር በእጅ ይወጣ ነበር።

በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በሬዲዮና በጋዜጣ ይነገራል፤ መልካም ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ጊዜ ለችግኙ ጉድጓድ ሲቆፈር በዚያው ቦታ በራሱ የበቀለው የአገር ዛፍ ተመንጥሮ መጣሉ ነው። ሠራተኛው በዶማው የጣለው ቡቃያ ከሚተክለው ይልቅ ለዚያ ምድር የተስማማ፣ ሥሩንም አስቀድሞ የሰደደ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አብሮት ሊቆም ይገባ ነበር።

ይህን የተረዱ ሰዎች አልጠፉም። በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ደኑ ተጨፍጭፎ ራቁቱን በቀረው ተራራ ላይ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው ሥራ፣ ገበሬዎቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከማገዶ ቆራጭ ከለሉ። በብዛት የተከሉት ነገር የለም፤ ከመሬት በታች ሕያው ሆነው የቆዩትን ጉቶዎች ፈልገው፣ ከእያንዳንዱ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቁጥቋጦዎች መካከል ቀጥ ብሎ የሚያድገውንና ጠንካራውን ይተዋሉ፣ ሌላውን ይመለምላሉ። ተራራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛፍ ለበሰ፣ ደርቀው የነበሩ ምንጮችም ተመለሱ፤ ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሥርዐት ተመዝግቦ ማኅበራቱ ለሚያስቀሩት ካርቦን ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። ዛሬም በየዓመቱ ወደ ተራራው ወጥተው ይመለምላሉ፤ ከምልመላው የሚገኘው እንጨት ለየቤቱ ማገዶ ይከፋፈላል፣ ሣሩም ታጭዶ ለከብት ይሰጣል።